የገብስ ቆሎ የማይወደው እንግዳ

ለሚመለከተው ሁሉ፦ እግዚአብሔር ሽንብራ ቆሎ እንጂ የገብስ ቆሎ እንደማይወድ በዚህ ጽሑፍ በይፋ አስታውቃለሁ። ሊቃውንት ጠይቄ ወይም መጽሐፍ አገላብጬ ያገኘሁት አይደለም፤ በገዛ እጄ አቅርቤለት ያየሁት ነው። ጊዜው የሁዳዴ ጾም፣ ቦታው ፍኖተ ሰላም፣ ከቤታችን ፊት ለፊት ያለው የጋሽ ከድር ሱቅ በረንዳ። እኔ የፊት ጥርሶቼ የወለቁ የሁለተኛ ክፍል ተማሪ ነበርኩ። እሱ የወየበ ጋቢ ለብሶ፣ ኮንጎ ጫማ ተጫምቶ፣ ጢሙን ከተላጨ ሰንበትበት ብሎ ነበር።

ነገሩ የሚጀምረው ግን ከበር ነው።

አባቴ ይታገሱ አናጢ ነው። ያን ጊዜ የፍኖተ ሰላም ግማሽ ሕዝብ በአባቴ በር ገብቶ በአባቴ በር ይወጣ ነበር፤ የእኛው በር ግን ከከተማው ሁሉ የከሳ ነበር። እናቴ ባንቺአየሁ፣ «አናጢ አግብቼ በነፋስ ተዘጋሁ» እያለች ትተርተው ነበር። ታዲያ አንድ ቀን ከትምህርት ቤት ስመለስ፣ አባቴ ያንን ሳንቃ ገንጥሎ ጥሎ ከጎረቤታችን ከጋሽ ከድር ጋር እየተጋገዙ የዋንዛ በር ሲገጥሙ ደረስኩ። ከውስጥ በኩል ጭኔን የሚያህል መወርወሪያ ተበጅቶለታል።

«አባዬ፣ ሀብታም ሆንን?»

«ምንም አልሆንን» አለና የሚስማር ቆርቆሮውን ዘጋ። አላየኝም። ጋሽ ከድርም ሁልጊዜ እንደሚያደርገው ጉንጬን አልቆነጠጠኝም።

«ያምሮት» አለች እናቴ፣ «ከእንግዲህ ደጅ መጫወት የለም። ማንም ሰው 'አባትሽ አለ?' ቢልሽ፣ የለም ነው የምትይ።»

«ውሸት ኃጢአት አይደለም?»

«ነው። እኔ እጾምልሻለሁ።»

ከዚያ ወዲያ ቤታችን ድምፁ ጠፋ። አባቴ ሥራ ቤቱ ውስጥ ጀርባውን ለግድግዳው፣ ፊቱን ለበሩ ሰጥቶ መሥራት ጀመረ። መላጊያው ሁለቴ ሦስቴ ይሄድና ቀጥ ይላል፤ ያዳምጣል፤ እንደገና ይሄዳል። ውሻ በጮኸ ቁጥር እናቴ የያዘችውን ትለቃለች፤ ብርጭቆ አልቆብን በጣሳ መጠጣት ጀመርን። ሌላ ጊዜ በመዳፌ እስክሰበስበው የምቸኩልለት የእንጨት ፍቅፋቂ ሽታ እንኳ አፍንጫዬን ይከረክረኝ ጀመር። ፍርሃት ሽታ አለው ብላችሁ አትስቁብኝ፤ ለእኔ እስከ ዛሬ ዋንዛ ዋንዛ ይላል።

ትልልቆቹ የሚነጋገሩት በግማሽ ቃል ነበር። እኔም በግማሹ ጆሮዬ እሰማለሁ።

«ደሙ መምጣቱ አይቀርም» ትላለች እናቴ።

«ሽማግሌዎቹ ይሞክራሉ።»

«ያጠፋው እንዳለው፤ እንዳለው የለም። የቀረኸው አንተ ነህ።»

እንዳለው የአባቴ ታናሽ ወንድም ነው፤ ቡሬ ገጠር የሚያርስ፣ ሲመጣ በትከሻው ተሸክሞ የሚያዞረኝ። ምን እንዳጠፋ አልገባኝም። የገባኝ ደም እንደሚመጣ ነው። ደም ደግሞ ፈሳሽ ነው። ከቡሬ ተነስቶ፣ አስፋልቱን ተከትሎ፣ እንደ ክረምት ጎርፍ እየተንከባለለ በዚያ ትልቅ በር ሥር ሲገባ ታየኝ። አባቴ በሩን አወፈረው እንጂ ከሥሩ ያለውን ክፍተት አልደፈነውም። እኔ ግን አሮጌ ቀሚሴንና የእናቴን የጨርቅ ቁራጮች ጠቅጥቄ ደፈንኩት። ጠዋት ጠዋት ጨርቁ ረጥቦ እንደሆነ በጣቴ እነካ ነበር።

ዛሬ የማውቀው ይህ ነው፦ አጎቴ እንዳለው በእርሻ ድንበር ተጣልቶ ገነነ የሚባል ጎረቤቱን ገድሎ ተሰውሯል። ገዳይ ሲጠፋ የሟች ወገን ወንድሙን ይፈልጋል። ሽማግሌ ተልኮ ነበር፤ የገነነ እናት፣ «ልጄን ከመቃብር አስነሱልኝና ያን ጊዜ እንታረቃለን» ብላ መለሰቻቸው።

ቅበላው ሰሞን፣ አባቴን ቤት ዘግተንበት፣ እናቴ እኔን ይዛ ደምበጫ ዘመድ ተዝካር ሄደች። አውቶቡሱ ውስጥ ርቦኝ ነበር። ድንኳኑ ውስጥ አንዲት ሴት ገና ትኩስ የሆነ የዳቦ ቁራሽ ሰጠችኝ። ጎረስኩ። እናቴ ቀና ስትል ከወዲያ በኩል ከተቀመጡት ሰዎች ውስጥ ምን እንዳየች አላውቅም፤ በጥፊ ዳቦውን ከእጄ አረገፈችው።

«ትፊው!»

«እማዬ —»

«ትፊው አልኩሽ!»

ተፋሁ። ሳንቀምስ ወጣን። መንገድ ላይ እያለቀስኩ ሳስቸግራት እንዲህ አለችኝ፦ «ደም ያለበት ሰው ከደመኛው ጋር ካንድ ሌማት አይቆርስም። የእሱን እህል በልተሽ ከዚያ ብትነኪው፣ ወይ እሱ የእኛን በልቶ ቢነካን፣ እህሉ ይፈርዳል። ዘር አይተርፍም።»

እህል የሚፈርድ መሆኑን ያን ቀን ነው የሰማሁት። እቤት ስመለስ ጎተራውን በፍርሃት አየሁት፤ ዳኛ ሞልቶበታል።

ጾሙ እንደ ገባ የንስሐ አባታችን አባ ሃይለ ሚካኤል መጡ። አባቴ ቤተክርስቲያን መሄድ ትቶ ነበርና መስቀላቸውን እስኪያሳልሙት አልጠበቀም፤ ጉልበታቸው ላይ ወደቀ። ትልቅ ሰው ሲወድቅ አይቼ አላውቅም ነበር።

«አባ፣ ዳዊቴን እደግማለሁ። ግን አፌ ከዳዊቱ፣ ጆሮዬ ከበሩ ነው። ይኼ እምነት ይባላል?»

አባ ሃይለ ሚካኤል ወደ እኔ ዞሩና ስለ አብርሃም ነገሩኝ። መንገድ ዳር ተቀምጦ እንግዳ ይጠብቅ እንደነበር፤ ያለ እንግዳ እህል እንደማይቀምስ፤ አንድ ቀን እግዚአብሔር ራሱ መንገደኛ መስሎ እንደ መጣለት።

«አወቀው?» አልኳቸው።

«ኧረ ምን ያውቀዋል። እግር አጠበው፤ አበላው። ማወቁ በኋላ መጣ።» ከዚያ ወደ አባቴ ዞሩ። «እሱ ከደጅህ አይርቅም። መልኩን ግን አንተ አትመርጥለትም።»

በማግስቱ በአዲሱ በር ስንጥቅ ሳይ፣ ጋሽ ከድር በረንዳ ላይ፣ አግዳሚው ጫፍ፣ አንድ መንገደኛ ተቀምጧል። ጋቢውን እስከ አፍንጫው ተከናንቧል። የሚያየው የእኛን በር ነው።

ሌላ ማስረጃ አላስፈለገኝም።

እናቴ ክብሪት ስትልከኝ በኪሴ የገብስ ቆሎ ሞልቼ ሄድኩ።

«እንደምን ዋልክ?» አልኩት።

ዓይኑ ብቻ ዞረ። «ኸመቼ ወዲህ ነው ትልቅ ሰው 'አንተ' የሚባል?»

«አንተን በጸሎት ሁሉ 'አንተ' ነው የምንልህ።»

ጋቢውን ሰብሰብ አደረገ። ከዚያ፣ «የማን ልጅ ነሽ?» አለኝ።

ይህ ፈተና መሆኑ ገባኝ፤ ሁሉን የሚያውቅ የማን ልጅ እንደሆንኩ ይጠፋዋል? «የአናጢው የይታገሱ» አልኩት። አባትሽ አለ ወይ ብሎ ስላልጠየቀኝ አልዋሸሁም። ቆሎውን ዘረጋሁለት።

ፀሐይዋን አየ። «ዘጠኝ ሰዓት አልሆነም።»

የራሱን ጾም እንኳ ይጾማል! ዘጠኝ ሰዓት ሲሆን እንደገና መጣሁ። ያን ጊዜ ተቀበለኝ፤ ግን አልበላም። መዳፉ ላይ ሲያገላብጠው ቆየና ለወፎች በተነው። በማግስቱም ገብስ አመጣሁ፤ ለወፎች። በሌላውም ቀን። ገብስ አይወድም አልኩ።

አንድ ጊዜ ቆሎውን ስሰጠው እጄ የጋቢውን እጥፋት ነካ። ከሥሩ ደረቅና ቀዝቃዛ ነገር ነበር። ደነገጠና ራቅ አለ። አባ ሃይለ ሚካኤል ዐሥርቱ ትእዛዛት በድንጋይ ጽላት ላይ መጻፋቸውን አስተምረውኛልና ምን እንደያዘ ወዲያው አወቅሁ። «አትግደል» የሚለው የተጻፈበትን ነው የያዘው። እንደ ነካሁት ለማንም ሳልናገር ቀረሁ፤ ጽላት የነካ ሰው እንደሚቀሰፍ ሰምቼ ነበር።

በቤት ውስጥ ፍርሃቱ ባሰ። እናቴ ያለ ምክንያት እኔን አቅፋ ትንቀጠቀጣለች፤ አባቴ በጣሳ የቀረበለትን ውሃ ግማሹን ያፈሰዋል። እኔ ብቻ፣ በዚያ ቤት ውስጥ እኔ ብቻ፣ የበሩ ስንጥቅ ላይ ዓይኔን አድርጌ እሱ መኖሩን አይቼ እረጋጋ ነበር። ጨርቁን መንካት ሁሉ ተውኩ።

አንድ ቀን ጠዋት ግን እናቴ በሩን ይዛ፣ «ዛሬስ ሞተብኝ፣ ዛሬስ ልቤ ነግሮኛል» ስትል ሰማኋት። ዘጠኝ ሰዓት ሲሆን ሮጥኩ። ገብስ አልቆ ስለነበር ያገኘሁት ሽንብራ ነው፤ ከምጣዱ እንደወረደ ስለዘገንኩት መዳፌን አቃጥሎኛል።

«አባቴ እንዳይሞት አድርግ» አልኩት። ለምን እያለቀስኩ እንደነበር አላውቅም። «አንተ እምቢ ካልክ ሌላ ማን አለን?»

አየኝ። በደንብ አየኝ፤ ከዚያ በፊት አይቶኝ የማያውቅ ያህል። ከሱቁ ውስጥ የጋሽ ከድር ሚዛን ሲንኳኳ ነበር፤ ቆመ። ሰውዬው ከሽንብራው አንዷን አነሳ። አፉ ውስጥ አደረጋት። ቀጭ ስትል ሰማሁ። ከዚያ ሁለተኛ። ከዚያ የቀረውን በእፍኙ።

ለወፎች አንድም አላስተረፈ።

መግቢያው ላይ ያወጅኩት አዋጅ ከዚህ የተነሳ ነው። አሁን ላሻሽለው ይገባኛል፦ ገብሱን ሳይሆን ቤታችንን ነበር እምቢ ሲል የቆየው። በሽንብራው ፈንታ ገብስ አምጥቼ ቢሆን ኖሮም ያን ቀን ይበላው ነበር ይሆናል። ወይም አይበላውም። ይህን የሚያውቅ አንድ ሰው ብቻ ነው።

ሆሳዕና ደረሰ። አባቴ ጠዋት ተነስቶ ነጠላውን ለበሰ።

«አብደሃል?» አለች እናቴ።

«እዚህ ቁጭ ብዬስ መቼ ኖርኩ፣ ባንቺ? እግዜር ቤተክርስቲያን ካለ ልሂድለት። አባ እንዳሉት መንገድ ላይም ካለ ምን ያስፈራኛል?» እንዲህ ሲል ጥርሱ ይንገጫገጭ ነበር። ይህንን ሁልጊዜ አስታውሰዋለሁ። እምነት ማለት ጥርስ የማይንገጫገጭበት የሚመስላቸውን ሰዎች ስሰማም አስታውሰዋለሁ።

ስንሄድ አግዳሚው ባዶ ነበር። ስንመለስ፣ ዘንባባ በግንባራችን ታስሮ፣ እሱ እዚያው ነበር። ተነሳ። አስፋልቱን ተሻግሮ ወደ እኛ መጣ። ቀኝ እጁ ጋቢው ውስጥ ነው። ጋቢው ከፊቱ ወርዷል።

አባቴ አይቶት ቀጥ አለ። «ገነነ» አለ፤ እንደ ሕልም። በኋላ ነው የሟቹን መልክ እንደያዘ የገባኝ፤ የእናት ልጅ ወንድሙ ነው። አባቴ ወደ እናቴ ገፈተረኝ። እናቴ በሁለት እጇ ጨምድዳ ያዘችኝ። ላቧ አንገቴ ላይ ጠብ አለ።

እኔ ግን አመለጥኳት። በሁለቱ መካከል ገባሁ።

«አባዬ አትፍራ፣ እሱ ነው! እኔ ቆሎ እሰጠዋለሁ! ገብስ አይወድም፣ ሽንብራ ግን በልቶልኛል!»

መንገደኛው ሁሉ በእልልታ ያልፋል። እኛ አራታችን ብቻ ቆመናል። አባቴ ዓይኑን ከሰውዬው ላይ ሳያነሳ፣ ቀስ ብሎ ጠየቀው።

«የልጄን እህል በልተሃል?»

ሰውዬው ቀኝ እጁን ከጋቢው አወጣ። ባዶ ነበር። «ልጅቱን አስገባት» አለው፤ ወደ አውቶቡስ ተራው መንገድ ጀመረ። ዞር ብሎ እንኳ አላየኝም።

አባቴ አቧራው ላይ ተቀመጠ። ዘንባባው ዓይኑ ላይ ወርዶ አለቀሰ። ቆሎ በመስረቄ ነው ብዬ ፈራሁ።

የሚገርመው ይኼኔ ነው። ትልልቆቹ መተንፈስ ሲጀምሩ የእኔ ፍርሃት ጀመረ። በማግስቱ በስንጥቁ ሳይ አግዳሚው ባዶ ነው። በማግስቱም። እናትና አባቴ በር ዘግተው ይከራከራሉ።

«እህሌን በልቷል። አይነካኝም።»

«እሱ በላ እንጂ ዘመዶቹ አልበሉ!»

ሳምንቱ ደግሞ ሕማማት ነው። ሰው ሁሉ ጥቁር ለበሰ፤ ሰላምታ ቀረ፤ ቤተክርስቲያኑ በስግደት ተንቀጠቀጠ። ዓርብ ዕለት አባ ሃይለ ሚካኤል እያለቀሱ መገደሉን አነበቡ። እናቴን በነጠላዋ ጎተትኳት።

«ማን ነው የገደለው?»

«እኛ ነን፣ ልጄ» አለች እየሰገደች።

በሚስማር ነው ተብሏል። እቤት እንደ ገባን የአባቴን የሚስማር ቆርቆሮ ከፍቼ አየሁ። ጎድሏል።

ከዚያ የበለጠ የፈራሁበት ሰዓት በሕይወቴ የለም። አባቴ ሲስመኝ እጁን እያየሁ ነበር። የፋሲካን ዶሮ አልበላሁም፤ እህሉ ይፈርዳል ብዬ። «ተነሣ» ሲሉኝ አላመንኩም፤ አግዳሚው ባዶ ነው።

ለዳግማይ ትንሣኤ ቡሬ መንገድ ላይ ካለ አንድ ቤተክርስቲያን ግቢ ወሰዱን። ሽማግሌዎች ለዕርቅ ዛፍ ሥር ተሰብስበዋል። አባቴ ጫማውን አውልቆ፣ አንገቱ ላይ ድንጋይ ተሸክሞ ጎንበስ አለ። ከወዲያ በኩል ከቆሙት ሰዎች መካከል ጋቢ ለባሹን አየሁት። ሕያው ነው! «ተነሥቷል!» ብዬ ጮህኩ፤ ከእናቴ እጅ አምልጬ ሄጄ እግሩን ያዝኩት። ሽማግሌዎቹ ደነገጡ። እሱ ግን ራሴን አልነካኝም፤ አልገፈተረኝምም።

«በል ዘሩ፣ ተናገር» አለው አንዱ ሽማግሌ። ስም እንዳለው ያን ቀን ሰማሁ።

«እህላቸውን በልቻለሁ» አለ። ሌላ ቃል አልጨመረም።

ድንጋዩ ከአባቴ አንገት ወረደ። ጥቁር የለበሰች አሮጊት ፊቷን አዙራ ስትሄድ አየሁ። ይህች የዘሩና የገነነ እናት ናት፤ እስክትሞት ድረስ ከዘሩ እጅ ውሃ እንዳልተቀበለች የሰማሁት ካደግሁ በኋላ ነው።

እኔ ስለ እግዚአብሔር ፊት ያለኝን እውቀት ይዤ እስከ ዩኒቨርሲቲ ደረስኩ። ሰውዬው በእርግጥ ማን እንደነበረ ቀድሞውንም ጠርጥሬ ነበር፤ ያስረገጠልኝ ግን ጋሽ ከድር ነው፤ ለእረፍት መጥቼ ሱቁ በር ላይ ሻይ ሲጋብዘኝ።

«ገና የመጣ ዕለት ለይቼዋለሁ» አለኝ። «ለበርበሬ ቡሬ ስመላለስ አውቀዋለሁ። ሰው ሊገድል መጥቶ ጾም የሚጠብቅ ክርስቲያን እሱን ብቻ ነው ያየሁት።»

«ለአባቴ አይነግሩትም ነበር?»

«ቢሸሽ ይከተለዋል፤ ቢቀድመው ሌላ ደም ነው። ምን ልበለው? አግዳሚዬን ሰጥቼ ዓይኔን ጣልኩበት።» ሻዩን አማሰለ። «ያን ቀን ሽንብራውን ሲውጥ ሳየው ስኳር እየመዘንኩ ነበር። ጥዬ ገብቼ ሰገድኩ። ሚስቴ ሳቢራ 'ሰዓቱ አይደለም እኮ' አለችኝ። 'ዝም በይ፣ የሰው ነፍስ ተርፏል' አልኳት።»

ለረጅም ጊዜ ይህን ለሰው የማወራው ለማሳቅ ነበር። ልጅቷ ገዳይን እግዜር ብላ ቆሎ ስታበላው፤ ሰዎች ይስቃሉ፤ እኔም እስቃለሁ። በእነዚህ የጦርነት ዓመታት ግን እኔም ሲመሽ በር የምደግፍ፣ ጨለማ ውስጥ የተኩሱን አቅጣጫ ከቅርብ ከሩቅ የምለይ፣ ልጄን አቅፌ የምንቀጠቀጥ እናት ሆንኩ። አፌ ከዳዊቱ፣ ጆሮዬ ከበሩ። ያን ጊዜ ሳቁ ቀረና ጥያቄው ብቻውን ተቀመጠ። በዚያ በረንዳ ላይ ማን ነበር? ዘሩ ብቻ ከነበረ አባቴ የተረፈው በአጋጣሚ ነው፤ እኔም ዛሬ የምደገፍበት የለኝም።

መንገድ በተከፈተ ቀን ቡሬ ወረድኩ። ዘሩን በርበሬ ሲያሰጣ አገኘሁት። ጢሙ ሸብቷል። ሰሌኑ ላይ ቀይ በርበሬ እስከ አጥሩ ተዘርግቷል፤ ሽታው ያስለቅሳል።

«እንደምን ዋሉ፣ አያ ዘሩ?»

ቀና ብሎ አየኝ። «አሁንስ 'እርስዎ' ሆንኩ» አለ።

ስለዚህ ሳልነግረው አውቆኛል። ቦርሳዬን ፈትቼ ሽንብራ ቆሎ ዘረጋሁለት። አንዷን አነሳ፣ አየት አድርጎ ቆረጠማት። ፀሐይዋን አላየም፤ ጾም አልነበረም። ስለ አባቴ ጠየቀኝ፤ ደህና ነው፣ ዓይኑ ደክሞ በር መሥራት ትቷል አልኩት። ራሱን ነቀነቀ።

«አያ ዘሩ፣ አንድ ነገር ልጠይቅዎ መጥቼ ነው።»

«ኸዚያ ወረድ በይ፣ በርበሬውን ረገጥሽው።»

ወረድኩ። «የማን ልጅ እንደሆንኩ ያውቁ ነበር። እህሉም የማን እንደሆነ ያውቁ ነበር። ቢበሉት የወንድምዎ ደም ሳይመለስ እንደሚቀር፣ እናትዎንም እንደሚያጡ ያውቁ ነበር። ያን ቀን ለምን በሉት?»

በርበሬውን በመዳፉ ገለበጠው።

«ርቦዎት ነው? አዘኑልኝ? ወይስ —» ድምፄ ተሰባበረ፤ በርበሬው ነው። «ወይስ ሌላ ሰው ነበር እዚያ? ከእርስዎ ጋር?»

እጁ ቆመ። አጥሩ ላይ ያለውን ነገር፣ ወይም ከአጥሩ ወዲያ ያለውን፣ ለጊዜው አየ። ከዚያ ሌላ ሽንብራ አነሳ።

«አልናገርም» አለ።

«አያ ዘሩ፣ እባክዎ። ለእኔ ብቻ።»

«አልናገርም አልኩሽ።»